ሬይጌት ፎርት፦ ለንደንን እንዲጠብቅ የተሠራው ምሽግ መድፍ የሌለው ለምንድን ነው?

ወለላ_ክሮይደን | እሑድ ጠዋት

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ከልጆቼ ጋር ሬይጌት ኮረብታ ወጥተን ነበር። ለማታውቁት፣ ከለንደን በስተደቡብ፣ ኤም 25 የተባለውን ቀለበት መንገድ እንደተሻገራችሁ የሚገኝ ከፍታ ነው። መኪናችንን አቁመን፣ ትልቁን አውራ ጎዳና በእግረኛ ድልድይ ተሻግረን፣ ዛፍ ለዛፍ ጥቂት እንደሄድን ደረስን። መግቢያው በነፃ ነው። ቦታውን የሚጠብቀው ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት ነው።

ልጆቼን "ምሽግ ላሳያችሁ" ብዬ ስለወሰድኳቸው የፋሲል ግንብን የመሰለ ነገር ነበር የጠበቁት። ያገኘነው ሣር የለበሰ የአፈር ካብ፣ በዙሪያው የሚሄድ ቦይ፣ ወፍራም የብረት በር፣ ከካቡ ሥር የተቀበሩ ጥቂት ክፍሎች። ማማ የለ፣ ግንብ የለ። ትልቁ ልጄ ካቡ ላይ ወጥቶ ከዳር እስከ ዳር ዞረና "እማ፣ መድፉ የት ነው የሚቆመው?" አለኝ። እኔም ፈለግሁ። መድፍ የሚተከልበት መደብ የሚመስል ነገር አላየሁም።

በ1898 ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ዓላማውም ለንደንን ከወራሪ መጠበቅ። በዚያ ዘመን እኮ እንግሊዝ የዓለምን ባሕር የያዘች፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ገና በሕይወት ያሉበት ጊዜ ነው። ማንን ነው የፈሩት? መድፍ የሌለው ምሽግስ እንዴት አድርጎ ዋና ከተማ ይጠብቃል? ለልጄ የምመልሰው አጣሁ። የምታውቁ ንገሩኝ።

የኮረብታ_መንገደኛ | እሑድ ከሰዓት

እህቴ ወለላ፣ ልጅሽ የጠየቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው እዚያ ደርሶ "ይኼ ነው እንዴ?" ብሎ ይመለሳል። እኔም ለዓመታት በዚያ መንገድ ስመላለስ እንደዚያው ነበርኩ፤ ነገሩን ካነበብኩ በኋላ ግን ቦታው ሌላ ሆኖ ታየኝ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ስሙን እናስተካክል። ጦር ሚኒስቴሩ ሲያሠራው ዋና ስሙ "ፎርት" አልነበረም፤ "ሞቢላይዜሽን ሴንተር" ነበር። በእኛ ቋንቋ የክተት ጣቢያ ልንለው እንችላለን። 13 ነበሩ። ከጊልፎርድ ፒውሊ ሂል ተነሥቶ በቦክስ ሂል፣ በቤችወርዝ፣ በሬይጌት፣ በፎስተርዳውን፣ በሃልስቴድ አድርጎ እስከ ፋርኒንግሃም የሚደርስ መስመር ነው። አንዱ ብቻ፣ ኖርዝ ዊልድ፣ ከቴምስ ማዶ ኤሴክስ ውስጥ ነው። የመከላከያ መስመሩ በጠቅላላው 72 ማይል፣ ማለትም 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር።

አሳቡ እንዲህ ነው። ጠላት ደቡብ ጠረፍ ላይ ወርዶ ወደ ለንደን ልሂድ ቢል የኖርዝ ዳውንስን ሸንተረር መውጣት አለበት። ሸንተረሩ ነጭ የጠመኔ ድንጋይ ነው፤ በውስጡ ባልጩት ሞልቷል። በደቡብ በኩል ገደል የሚመስል ዳገት ነው፤ በሰሜን በኩል ግን ቀስ እያለ ወደ ለንደን ይወርዳል። ቆማችሁ ወደ ደቡብ ስትመለከቱ ሜዳው ሁሉ ከእግራችሁ ሥር ነው፤ ጋትዊክ የሚያርፈውን አውሮፕላን ከላይ ወደ ታች ነው የምታዩት። እግዜር የሠራው ግንብ ማለት ይህ ነው። የቀረው ሰው፣ አካፋና ጥይት ነው።

ሰውስ ነበረ። "ቮለንቲር" የሚባሉ፣ ከ200 ሺህ በላይ የሆኑ በጎ ፈቃደኞች፦ ፀሐፊው፣ ባለሱቁ፣ አናጢው፣ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠለጥኑ። ያ ሁሉ ሰው ከለንደን በባቡር መጥቶ ኮረብታው ላይ ሲወጣ በምን ይቆፍራል? ጥይቱንስ ከየት ያገኛል? መልሱ እነዚህ ቤቶች ናቸው። አንዱ ክፍል አካፋና ዶማ፣ ሌላው ጥይትና የመድፍ አረር። መድፉ ራሱ በፈረስ እየተጎተተ ከሠራዊቱ ጋር የሚመጣ ነው እንጂ እዚያ የሚተከል አልነበረም። ስለዚህ ለልጅሽ "አንተ ልክ ነህ፣ የመድፍ ቦታ የለውም" በይው።

ማንን ፈሩ ላልሽው፦ በዋናነት ፈረንሳይን። ፍርሃቱ የተቀሰቀሰው ግን በ1870 ነው፤ ፕሩሲያ ፈረንሳይን በጥቂት ወራት ስትደመስስ። በዓመቱ አንድ የእንግሊዝ የጦር መሐንዲስ ጀርመኖች በደቡብ ጠረፍ ወርደው ዶርኪንግ አጠገብ እንግሊዞችን ድል ሲያደርጉ የሚተርክ ልብ ወለድ አወጣ። ዶርኪንግ ከሬይጌት በስተምዕራብ 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሀገሩ ሁሉ አነበበው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን ሳይቀሩ ሕዝቡ በከንቱ እንዳይደነግጥ መናገር ግድ ሆነባቸው። ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ ከባሕሩ ሥር እስከ ፈረንሳይ የባቡር ዋሻ መቆፈር ተጀመረ። ጄኔራሎቹ ጠላት በዋሻው ይገባብናል ብለው ተነሡ፣ ቁፋሮው ቆመ። በ1888 ሌላ የወረራ ወሬ ተናፈሰ። በ1889 የጦር ሚኒስትሩ ኤድዋርድ ስታንሆፕ የለንደንን መከላከያ እቅድ ይፋ አደረጉ። ሥራው በ1890ዎቹ ተሠራ፤ ሬይጌት የዚያ ሥራ አንድ ቁራጭ ነው።

ሻምበል_መሐንዲስ | እሑድ ማታ

ለቤቱ ሰላምታዬ ይድረስ። ዕድሜዬን በመሐንዲስ ክፍል ያገለገልኩ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ ሌስተር ልጄ ዘንድ ያለሁ ሰው ነኝ። አንዲት ነገር ልጨምር።

እናንተ "ምሽግ" የምትሉት ሕንፃውን ነው። በወታደር አፍ ምሽግ የሚቆፈር ነው። "ምሽግ ያዝን"፣ "ምሽግ ሰበርን" ስንል መሬት ውስጥ ያለውን ነው የምንለው። እንደዚህ ካየነው በ1898 የለንደን ምሽግ ገና አልተቆፈረም ነበር፤ የተሠራው ግምጃ ቤቱ ነው። የኮረብታ መንገደኛ "የክተት ጣቢያ" ያልከው ጥሩ ስም ነው፣ ይጽና።

ሰው አካፋን ይንቃል። ወታደር ሲባል ጠመንጃው ነው የሚታየው። ግን ደረቅ መሬት ላይ አንድ ሰው ቆሞ የሚተኩስበትን ጉድጓድ ለማውጣት አካፋና ዶማ ይዞም ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። አካፋው ወደኋላ ከቀረ በሳንጃና በምግብ ሳህን ሲጫጭር ያድራል። አይቼዋለሁ። ጠዋት ተኩስ ሲከፈት ጉልበቱን ብቻ የሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚገኘው። ባልጩት የሞላበት ጠመኔ ደግሞ ዶማን ያነጥራል እንጂ በቀላሉ አይቆፈርም።

እንግሊዞች ይህንን የተማሩት ከሰው ጦርነት ይመስለኛል። በ1877 የቱርኩ ጄኔራል ኦስማን ፓሻ ቡልጋሪያ ውስጥ ፕሌቭና ላይ በአፈር ምሽግ ብቻ የሩሲያን ትልቅ ጦር ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ አቆመው። ከዚያ በፊት አውሮፓ ሁሉ ድንጋይ እየጠረበ ግዙፍ ምሽግ ይሠራ ነበር። ከፕሌቭና በኋላ ፈጥኖ የሚቆፈር አፈር የሚሻል መስሎ የታያቸው በረከቱ። ሬይጌት ዝቅ ብሎ፣ ሣር ለብሶ፣ ከሩቅ ተራ ጉብታ መስሎ የተሠራው ለዚህ ነው። መድፈኛ የማያየውን አይመታም።

ልጄ ወለላ፣ ስትመለሱ ልጁን ካቡ አናት ላይ አታቁሚው። ከካቡ ጀርባ ተኳሽ የሚቆምበት እርከን አለ። እዚያ ይቁም፣ አገጩን ከሣሩ ጋር ያስተካክልና ወደ ውጭ ይመልከት። ያኔ ይገባዋል።

ሶለንት_ዳር | ሰኞ

ይቅርታ፣ እኔ የምኖረው ፖርትስማውዝ ነው። እዚህም ፖርትስዳውን ኮረብታ ላይ ተከታታይ ምሽጎች አሉ፤ ትልልቅ፣ የቀይ ጡብ፣ የመድፍ ቦታ ያላቸው። እንደሚመስለኝ የሬይጌቱም የዚያው ሥራ አካል ነው፤ "የፓልመርስተን ምሽጎች" ይባላሉ።

የኮረብታ_መንገደኛ | ሰኞ

ወንድሜ፣ ብዙ ሰው ያቀላቅላቸዋል፤ ግን የተለያዩ ናቸው። የፓልመርስተኖቹ ከ1860 በኋላ የተሠሩ ናቸው፤ የሚጠብቁትም የባሕር ኃይሉን ወደብና የመርከብ መሥሪያ ነው። ፖርትስዳውን ላይ ያሉት ፊታቸውን ወደ ሰሜን፣ ወደ የብስ ያዞሩት ጠላት ሌላ ቦታ ወርዶ ከኋላ እንዳይመጣባቸው ነው። ለንደን ግን ያን ጊዜ ምንም አልተሠራላትም። ዋና ከተማዋ በዙሪያዋ መከላከያ ያየችው በ1642 እና 1643፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ ነዋሪው ሴት ወንድ ሳይል ወጥቶ 11 ማይል ያህል የአፈር ግንብ ሲቆፍር ነበር። ከዚያ ወዲህ ባዶ ነበረች። በመካከሉ ሁለት መቶ ዓመት ተኩል አለ።

ሴን_ወንዝ | ሰኞ

ከፓሪስ ነው የምጽፈው። ይህን ሳነብ እዚህ ያለውን አሰብኩ። ፓሪስ በ1840ዎቹ ግንብና የምሽግ ቀለበት ተሠራላት። በ1870 መስከረም ተከበበች፣ እስከ 1871 ጥር መጨረሻ ያዘች፤ ሰዉ ግን ፈረስ፣ ድመት፣ አይጥ በላ። ምሽጉ ሳይሰበር ረኀቡ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ፈረንሳዮች ይባስ ብለው ከመጀመሪያው ርቆ ሁለተኛ የምሽግ ቀለበት ሠሩ። እንግሊዞቹ ተመሳሳዩን አይተው አካፋ መግዛታቸው በጣም ገረመኝ። የትኛው ብልህነት እንደሆነ እንጃ፤ ግን ለግብር ከፋዩ የእንግሊዙ ይሻላል።

ባሕረኛ | ሰኞ ማታ

እኔ ልቃወም። ይህ ነገር ገና ሲታሰብ የተሳሳተ ነበር። ስታንሆፕ እቅዱን ይፋ ባደረጉበት በዚያው በ1889 ፓርላማው ለባሕር ኃይሉ 21 ሚሊዮን ተኩል ፓውንድ ፈቀደ፤ 10 ትልልቅ የጦር መርከብና ክሩዘር የሚባሉ ብዙ ፈጣን መርከቦች ተሠሩ። ሕጉም የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከእርሷ ቀጥሎ ካሉት ሁለት ኃይሎች ድምር እንዳያንስ የሚል ነው። እንግሊዝ ስንዴዋን በአብዛኛው ከውጭ ነበር የምታስገባው። ባሕሩን ካጣች ጠላት ወደ ሬይጌት መውጣት ምን ያደርግለታል? ወደቡን ዘግቶ መቀመጥ ብቻ ነው፤ ለንደን በሳምንታት ትራባለች። ባሕሩን ካላጣች ደግሞ ማንም አይወርድም። በሁለቱም መንገድ ኮረብታው ላይ ያለው አካፋ ሥራ የለውም። ይህን በዘመኑ የተናገሩ ሰዎች ነበሩ፤ ጊዜም ፈረደላቸው።

የኮረብታ_መንገደኛ | ማክሰኞ

ክርክርህ ጠንካራ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያሸነፈውም እርሱ ነው። በ1904 እንግሊዝና ፈረንሳይ ታረቁ። በ1905 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባልፎር የባሕር ኃይሉ እያለ ትልቅ ወረራ የማይሆን ነገር ነው ብለው ለፓርላማ አስረዱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሃልዴን የጦር ሚኒስትር ሆነው ገቡ፤ በ1906 እቅዱ ተሠረዘ። ሬይጌት ከተሠራ ገና 8 ዓመቱ ነበር።

ግን አንድ ነገር እለያለሁ። ከባድ ውርርድ አልነበረም። ፈሪዎቹ የሚሉት ባሕሩ ለዘላለም ይጠፋል አይደለም፤ መርከቦቻችን ተታልለው ወደ ሜዲትራኒያን ወይም ወደ ሌላ ቦታ ቢሄዱ፣ ባሕሩ ለጥቂት ቀናት ባዶ ቢሆን ነው። ለዚያ ጥቂት ቀን ነው የተዘጋጁት። የጠበቁት ነገር ሳይመጣ ቀረ፤ ሳይመጣ የቀረ ነገር ደግሞ ዝግጅቱን ሞኝነት አያደርገውም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እኮ ይኸው ሸንተረር ላይ ምሽግ ተቆፈረ፤ ሬይጌትም የጥይት መጋዘን ሆኖ ተመለሰ። በ1940ም ጀርመን ትወርዳለች ሲባል በዚሁ አካባቢ፣ ሞል ወንዝን ተከትሎ፣ የኮንክሪት ምሽጎች ተሠሩ። በ1941 እና 42 ጄኔራል ሞንጎመሪ የደቡብ ምሥራቅ ዕዝ አዛዥ ሆነው ዋና መሥሪያ ቤታቸው ሬይጌት ነበር። ሦስት ጊዜ፣ በሦስት የተለያየ ፍርሃት፣ ያው ኮረብታ ተመረጠ። መሬቱን አይተው የመረጡት ሰዎች አልተሳሳቱም።

የካቲት_23 | ማክሰኞ

"የክተት ጣቢያ" የሚለውን ሳይ ልቤ ሌላ ጋ ሄደ። ሃልስቴድ የተሠራው ከ1895 እስከ 1897 ነው፤ ሬይጌት በ1898። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 1888 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ክተት ያወጁት በ1895 መጸው ማለት ነው። በእነዚያው ወራት ለንደን ላልመጣ ወራሪ አካፋና ጥይት ታከማች ነበር፤ እኛ ዘንድ ወራሪው ገብቷል።

የእኛ ክተት ግምጃ ቤት ላይ አልቆመም። በርግጥ ንጉሡ በየመንገዱ እህል አስከማችተዋል፤ ግን ባላገሩ ስንቁን በአህያና በሚስቱ ጀርባ ይዞ ነው የዘመተው። በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። እንግሊዙ ባዶ እጁን በባቡር መጥቶ መንግሥት ያስቀመጠለትን አካፋ ያነሣል። ሁለቱም ክተት ይባላሉ፤ ግን ሸክሙ በማን ጀርባ እንደነበረ ማየት ያስፈልጋል። አድዋ ላይ ስለ ጀግንነቱ ብዙ ተብሏል፤ ስንቁን ስለተሸከመችው ሚስት ግን ጥቂት ነው የሚባለው። ያቺ ሴትም ልትታወስ ይገባል።

ሻምበል_መሐንዲስ | ማክሰኞ ማታ

የካቲት 23፣ እግዜር ይስጥህ። የእኔም አያት ስንቅ ተሸክማ የሄደች ናት ይባላል።

መሣሪያ ስለ መርሳት ከተነሣ፣ የመቅደላውን እንዳንረሳ። በ1868 የናፒየር ጦር መቅደላ ግርጌ ሲደርስ ኮከት በር የተባለው መግቢያ ተዘግቶ፣ ከኋላው ድንጋይ ተቆልሎበት ነበር። የእንግሊዝ መሐንዲሶች በሩን እንዲያፈርሱ ወደፊት ተላኩ። እዚያ ሲደርሱ ባሩዱም መሰላሉም አልመጣም፤ ወደኋላ ቀርቷል። ወታደሮቹ በበሩ ጎን ያለውን ካብና እሾህ አጥር በእጃቸው ቧጥጠው ነው የገቡ። ያ ሁሉ ዝሆን፣ ከዙላ የተዘረጋ ያ ሁሉ ሐዲድ፣ መጨረሻዋ ደቂቃ ላይ አንድ በርሜል ባሩድ ጠፋ። እኔ መሐንዲስ ስለሆንኩ ይህ ታሪክ ሁልጊዜ ያመኛል። ዕቃው የት እንዳለ ማወቅ፣ ሰው ከመድረሱ በፊት እዚያ እንዲጠብቀው ማድረግ፣ የሥራው ግማሽ ይኸው ነው። ሬይጌት ላይ የሠሩት ይህንን ነው።

ስለ ጥይት ክፍሉም ልናገር። በዚያ ዘመን ባሩድና ፈንጂ ያለበት ክፍል መብራት ይዞ መግባት ክልክል ነው። ስለዚህ ከክፍሉ ጎን ጠባብ መተላለፊያ ይሠራሉ፤ በግድግዳው ላይ ወፍራም መስታወት የተገጠመበት ቀዳዳ አለ። መብራት ያዡ በመተላለፊያው ይሄድና ፋኖሱን ከመስታወቱ ጀርባ ያስቀምጣል። ብርሃኑ ይገባል፣ እሳቱ አይገባም። ውስጥ የሚሠራው ወታደር ደግሞ ልብሱን ለውጦ፣ ብረት የሌለው ጫማ አድርጎ ነው የሚገባ፤ ሚስማር ድንጋይ ነክቶ ብልጭታ እንዳያወጣ። የሁለቱ ሰዎች መንገድ አይገናኝም። ያንን መስታወት የቀየሰው መሐንዲስ ማን እንደሆነ ስሙን ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር።

ባሕረኛ | ረቡዕ

ሻምበል፣ በአካፋው ጉዳይ እጄን ሰጥቻለሁ። በኮረብታው ግን አልሰጠሁም። ሬይጌት ካለቀ በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 1899፣ ደቡብ አፍሪካ ማገርስፎንቴይን ላይ እንግሊዞች ኮረብታውን በመድፍ ደበደቡ፤ ቦኤሮቹ (የደች ዝርያ ያላቸው የዚያ አገር ሰፋሪዎች) ግን ምሽጋቸውን ከኮረብታው ግርጌ ነበር የቆፈሩት። ሌሊቱ ሲነጋ የስኮትላንዱ ብርጌድ እላያቸው ላይ ሄደ፣ አለቀ። ኮረብታ ጠላት መጀመሪያ የሚመታው ነገር ነው። እርስዎ ምን ይላሉ?

ሻምበል_መሐንዲስ | ረቡዕ

ልክ ብለሃል። አናት ላይ የሚቆፍር ሰማይ ጀርባው ሆኖ ይታያል። እኔ አዛዥ ብሆን ሰዉን ከአናቱ ወረድ አድርጌ፣ ዳገቱ ላይ እቆፍር ነበር፤ ግምጃ ቤቱን ግን እዚያው ከኋላ እተወዋለሁ። አካፋው ያለው ከላይ ነው፣ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ ሕንፃው አሁንም ቦታው ላይ ነው።

ሰናይት_ሰሪ | ረቡዕ ማታ

የማላውቀውን ነው ያስተማራችሁኝ። እኔ እዚያ የምሄደው በሌላ ምክንያት ነው። ከምሽጉ ብዙም ሳይርቅ፣ ዛፎቹ መካከል፣ ከእንጨት የተቀረጹ ሁለት የአውሮፕላን ክንፍ ጫፎች ተተክለዋል። መጋቢት 19 ቀን 1945፣ ቢ-17 የተባለ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ ከጀርመን ሲመለስ በደመና ውስጥ ኮረብታውን መታው። 9ኙም ወጣቶች ሞቱ። ጦርነቱ አውሮፓ ላይ ሊያልቅ ሁለት ወር አልቀረውም። በሁለቱ ቅርጾች መካከል ያለው ርቀት የእውነተኛው አውሮፕላን ክንፍ ስፋት ነው፤ 32 ሜትር ቢጠጋ ነው። አንደኛው ጋ ቆማችሁ ሌላውን ስታዩት ነው ትልቅነቱ የሚሰማችሁ።

የቢ-17 ቅጽል ስሙ "ፍላይንግ ፎርትረስ" ነው፤ በራሪ ምሽግ። ስሙን መጀመሪያ ሳነብ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ወለላ፣ ልጆቹን ይዘሽ ስትሄጂ እዚያም አድርሻቸው።

የኮረብታ_መንገደኛ | ረቡዕ ማታ

ሰናይት፣ ስላነሣሽው አመሰግናለሁ። እኔም እዚያ ሳልፍ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ።

ሌሎቹን ጣቢያዎች ማየት ለምትፈልጉ፦ ቦክስ ሂል ላይ ያለው በውጭ ይታያል፣ ውስጡ የሌሊት ወፍ ስለሚያድርበት ዝግ ነው። ፎስተርዳውን ኬተርሃም አጠገብ ነው። ሃልስቴድ ግን ሌላ ዕጣ ነው የወጣለት። መንግሥት መልሶ ገዛው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሮኬት ተሠራበት፣ ከጦርነቱ በኋላ ሳይንቲስቱ ዊልያም ፔኒ የእንግሊዝን የመጀመሪያ አቶሚክ ቦምብ ሥራ ከዚያ ጀምረው መርተዋል። ቦምቡ በ1952 ጥቅምት 3 ቀን አውስትራሊያ ጠረፍ፣ ሞንቴ ቤሎ ደሴቶች አጠገብ ፈነዳ። የአካፋ ማስቀመጫ ሆኖ የተጀመረ ግቢ ነው ይኼ። ሬይጌት እንደዚያ ሳይሆን ሣር ለብሶ ለልጆች በመቅረቱ እኔ ደስ ይለኛል።

ወለላ_ክሮይደን | እሑድ፣ ከሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። ትናንት ተመልሰን ሄድን።

መጀመሪያ የሰናይት ክንፎች ጋ ሄድን። ትንሿ ልጄ ከአንዱ ወደ ሌላው እርምጃዋን እየቆጠረች ሄደች፤ 51 ወጣላት። ስሞቹን አነበብንላቸው።

ከዚያ ምሽጉ ጋ... ይቅርታ፣ የክተት ጣቢያው ጋ ገባን። ሻምበል እንዳሉት ትልቁን ልጄን ከካቡ ጀርባ እርከኑ ላይ አቆምኩት። አገጩን ሣሩ ላይ አድርጎ ብዙ ዝም አለ። እኔ በቦዩ ማዶ ዞሬ ወጣሁና ስፈልገው አላየሁትም፤ ፀጉሩ እንኳ ከሣሩ አልለይ አለኝ። በስሙ ስጠራው ከየት እንደሚመልስልኝ ማወቅ አቃተኝ። ሲወጣ "እማ፣ እኔ አንቺን ሙሉ በሙሉ አየሁሽ፣ አንቺ እኔን አላየሽኝም" አለ።

የመሣሪያ ክፍሉን የብረት በር በእጁ እየነካ እዚያ ውስጥ አካፋ እንደነበረ፣ ሰዎቹ ከሱቅና ከቢሮ በባቡር እንደሚመጡ ነገርኩት። 115 ኪሎ ሜትር አልኩት፤ ከክሮይደን እስከ የት እንደሆነ በስልኬ ካርታ አሳየሁት። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ የጠየቀኝን ግን አልመለስኩለትም፤ ለሻምበል ጻፊላቸው ስላለኝ ነው የምጽፈው፦ አካፋው ለሁሉም ሰው ይበቃ ነበር ወይ?

ሻምበል_መሐንዲስ | እሑድ ማታ

ለልጄ ሰላም በይልኝ። አይበቃም በይው፤ ለማንም ጦር በቅቶ አያውቅም። አንዱ ሃያ ደቂቃ ይቆፍራል፣ አካፋውን ለጓደኛው ያቀብላል፣ እርሱ ውኃ ይጠጣል፣ እንደገና ይቀበላል። እጀታው ሌሊቱን ሙሉ ሳይቀዘቅዝ ያድራል።